ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ዛሬ ከሰዓት የኮምፒውተሬ ስክሪን ጠቆረብኝ። ስክሪኑን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ያው ነው። ከጀርባው የመጣው የጋለ አቧራ ሽታ ግን ቤልትላይን ሰፈር ወደነበረው የልጅነት አፓርታማችን ወሰደኝ።

አባዬ አገር ቤት የሕንፃ ንድፍ ይሠራ ነበር። እዚህ በስደት ግን ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል፣ ሱቅ ውስጥ የሥራ ሺፍቱን ጨርሶ ይመጣና፣ በሙያው ሥራ ለማግኘት ኮምፒውተር ላይ ንድፍ ይለማመዳል። እማዬ አቧራ እንዳይነካው ብላ ራሷ የሠራችውን ወፍራም ዳንቴል ሳጥኑ ላይ አልብሳዋለች። ንድፉ ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ድርግም ይላል። አባዬ ድራይቨር ይጭናል፤ ደግሞ ይጠፋል። አንድ እሑድ፣ "በቃኝ፤ እኔንም አብረሽ ሸፍኚኝ" አላት። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እማዬ አልሳቀችም፤ ዳንቴሉን ብቻ አስተካከለች። ከዚያ ወዲያ አባዬ ንድፍ አልነካም፤ እስኪሞት ሺፍት እንደገባ ቀረ።

ዛሬ የራሴን ሳጥን ስከፍት ነው የገባኝ። የሙቀት ማስወጫው በአቧራ ተደፍኗል፤ ስክሪኑን ያጠፋው ግለቱ ነው። የአባዬ ኮምፒውተር ማስወጫ ከላይ ነበር፤ ልክ ከዳንቴሉ ሥር።

እማዬ ሶፋው ላይ ሆና፣ "የአባትህም እንዲሁ ያስቸግረው ነበር። ምን ነክቶት ነበር ግን?" አለችኝ።

"ድራይቨሩ ነው፣ እማዬ" አልኳት።