በኅዳር ጎተራ ምን አለ?

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ፈረስ ቤት

ጣሊያን አገራችን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር ነው። ውርጩ እግር ይቆርጣል። ደበሎዬን ለብሼ፣ አኩፋዳዬን አንግቤ ከጎጆዬ ስወጣ የኔታ ቀድመውኝ ከደጅ ቆመዋል። ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ክረምት ስላለፈው በድምፄ ነው የሚያውቁኝ።

«ተነሣህ?»

«ተነሣሁ፣ የኔታ።»

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ቅኔ ሰባት ዓመት ብትማር፣ ሌሊቱን ሁሉ ስትቆጥር ብታድር፣ መምህር አትባልም። ከሌላ ታላቅ መምህር ዘንድ ሄደህ፣ እሳቸው ፈትነው «እመሰክርለታለሁ» ሲሉ ነው ወንበር የሚሰጥህ፣ ማለትም የማስተማር መብት የሚኖርህ። ይህ ማስመስከር ይባላል። የኔታ ዓይናቸው እየጠፋ ነው፤ ልጅ የላቸውም። እኔ ካላስመሰከርሁ ወንበራቸው ይታጠፋል፤ ሠላሳው ተማሪ ይበተናል። እኔም ይህን እያወቅሁ ነው የወጣሁ።

«ቅኔህ ጥሩ ነው» አሉኝ እጄን ይዘው። «ነገር ግን ላይ ላዩ የሚሰማው ሰሙ፣ ውስጡ የተደበቀው ወርቁ፣ ሁለቱ እኩል ይሁኑልህ። ሰምህ አይሳሳ። ሰም ከሳሳ ወርቁ ይታያል፤ የታየ ወርቅ ደግሞ ይዘረፋል።»

«እሺ፣ የኔታ» አልሁ። እሺ ማለት መቼ ይከብዳል! ጉልበታቸውን ስሜ ወረድሁ።

ዓርብ፣ ውጅግራ

የመንገድ ጓደኛዬ አያ ቢምረው ነው። የአገው ልጅ፣ ሁለት በቅሎ ማርና ሰም ጭኖ ቡሬ የሚወርድ ነጋዴ። በቅሎዎቹን በአገውኛ ይሰድባል፣ እኔን ባማርኛ።

«እኔ ሰም እሸጣለሁ፣ አንተ ሰም ትቀባለህ» ይለኛል። «የኔ ግን ይመዘናል።»

ደጋውን ወርደን ቆላው ሲሞቀን ደበሎዬን ከትከሻዬ ጣልሁ። ጤፉ ቀልቷል፣ አጫጁ በየማሳው ጎንበስ ብሏል፣ ነዶው ገና አልተከመረም። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሏት ከተማ ያኔ ስሟ ውጅግራ ነበር። የሰላም መንገድ የሚለው ስም የወጣላት ኋላ ነው። እኔ ባየኋት ጊዜ የሽቦ አጥር፣ ድንኳን፣ አቧራ የሚያስነሣ ካሚዮን፣ ከድንኳኑ ደጅ ትምባሆ የሚጠጡ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎች፣ ነበሩባት። አንዲት ጠላ ሻጭ የጣሊያን ገንዘብ ሊሬ ሲሰጧት «ወረቀት አልጠጣም፣ ወረቀት አላጠጣም» ብላ መለሰች። አያ ቢምረው አሞሌ ሰጥቶ ጠጣ፤ እኔንም ጋበዘኝ።

እዚያ ጠላ ቤት አንድ ሽማግሌ «ተሜ፣ እስቲ አንድ ቅኔ በል» ቢለኝ አንድ ብዬ አላበቃሁም፣ ሦስት አልሁ። ሰሙን ፈታሁ፣ ወርቁን ፈታሁ፣ አድናቆቱን ጠጣሁት። አይ ልጅነት! ስንወጣ አያ ቢምረው የበቅሎውን መጫኛ እያጠበቀ፣ «የኔ ወንድም፣ ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ተረቱን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እህል ይነቅዛል፤ ዝምታን ነቀዝ አይበላውም። ሳቅሁበት እንጂ አልሰማሁትም።

ቅዳሜ፣ ማንኩሳ

ማንኩሳ ፀሐይ ሳትገባ ደረስን። አያ ቢምረው ሁልጊዜ የሚያድርበት ቤት አለው፤ የእትዬ ማንጠግቦሽ ቤት። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ሕፃን ያዘለች፣ ሳቋ ከግቢ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ባሏ ወዴት ነው ቢሏት «ለአጨዳ ወደ ቆላ ወርዷል» ትላለች። ጣሊያን ከመጣ ወዲህ ጎጃም ውስጥ ስንቱ ባል ለአጨዳ እንደ ወረደ ሁላችንም እናውቃለን። አንጠይቅም።

እግሬን አጠበችኝ። እኔ ኮሳሳ ተማሪ፣ ውሻ የነከሰውን እግሬን! «ነገ መምህር ትሆናለህ፤ ያኔ እግሩን አጥቤዋለሁ እላለሁ» አለችኝ። አተር ክክ ወጥ አቀረበች። እንዲያ ያለ ወጥ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም፤ የበላሁም እንደሆነ አልጣመኝም።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ለጸሎት ስወጣ ጓሮ አየኋት። የጎተራውን ክዳን አንሥታ አንድ ሞሰብ ወደ ውስጥ ታወርዳለች። ከውስጥ የሰው ሳል ተሰማ። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ገጠምን።

«ነቀዝ ገብቶበት እንደሆነ እህሉን እያየሁ ነው» አለች።

ኅዳር ነው። እህሉ ገና ከማሳ ነው። የአምናው ከነሐሴ በፊት ያለቀ ነው። የማንም ሰው ጎተራ በኅዳር ባዶ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች።

«እግዜር ይጠብቀው፣ እትዬ» አልኋት።

«አሜን፣ ልጄ» አለች። በኔ ተማመነች ማለት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር ሚካኤል፣ ቡሬ በር

መንገዱን ሁሉ ስቀኝ መጣሁ። ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው! ቅኔ የቆጠረ ሰው ያየውን ሁሉ ለሁለት ሳይሰነጥቅ አያልፍም። ያቺ ሴት፣ ያ ጎተራ፣ ያ የሚካኤል ዕለት በራሴ ውስጥ ይዞሩ ነበር። ቡሬ በር ስንደርስ ቅኔው ሞልቶ አፌ ላይ ነበር።

በሩ ላይ አንድ ጣሊያን መኮንን ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ አስተርጓሚው ቆሟል። ኮፍያ ያደረገ፣ መልኩ የሚያምር፣ ከአነጋገሩ የኛው አገር ልጅ። አያ ቢምረው ሰሙን አስመዝኖ አለፈና ከበሩ ወዲያ ቆሞ ጠበቀኝ። ተራዬ ደረሰ።

«ወዴት ነህ?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ከቡሬ ማዶ ወዳለው የቅኔ ጉባኤ፣ ላስመሰክር።»

የአስተርጓሚው ፊት በራ። «ቅኔ?» አለ። «እኔም አራት ዓመት ቆጥሬ ነበር። ሳላስመሰክር ቀረሁ እንጂ። ትናንት የት አደርህ?»

«ማንኩሳ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት።» ይህን ማለቴ ክፋት አልነበረውም፤ መንገደኛ ሁሉ የሚያድርበት ቤት ነው።

«ሰላይ ሁሉ ተማሪ ነኝ ይላል» አለኝ። «ተማሪ ከሆንህ ተቀኝ። ግእዙን ተወው፣ ጠፍቶብኛል። ባማርኛ በል፤ ለዛሬው በዓል።»

አሁን ስንት የተዘጋጀ የሚካኤል ውዳሴ ነበረኝ! ማንንም የማይነካ፣ አያቴ የሚሉት ዓይነት። እኔ ግን ትኩሱን አወጣሁት፦

*ሰው በዓል ሲያከብር ካደባባይ ስፍራ፣*
*በዓሏን አክብራለች ደግ ሴት ከጎተራ።*

ሰሙ ግልጽ ነው፤ ሰው ታቦት ሲያጅብ ደጊቱ ሴት ከጎተራዋ እህል አውጥታ በዓሏን በድግስ አከበረች። በጽሑፍ ስታዩት ይኸው ነው። አፍ ላይ ግን «በዓሏን» እና «ባሏን» አንድ ድምፅ ናቸው። እንግዲህ ወርቁን እናንተም አገኛችሁት።

አስተርጓሚው ዓይኑን ጨፍኖ ቃሉን አጣጣመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሳቀ።

«ሰምህ ሳሳ፣ ወንድሜ» አለኝ። «በኅዳር ጎተራ ምን አለ?»

እኔስ ምን አደረግሁ? ፈገግ አልሁ! ሰባት ዓመት የለፋሁበትን የሚሰማ ጆሮ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። በሕይወቴ ካደረግሁት ሁሉ እንደዚያች ፈገግታ የሚያሳፍረኝ የለም። መኮንኑ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው በጣሊያንኛ መለሰለት፤ ረጅም አድርጎ መለሰ። ሁለት ስንኝ ለመተርጎም ያን ያህል አይፈጅም። ያን ጊዜ ግን ይህ አልታሰበኝም።

የይለፍ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ሂድ፤ እኔ ዘንድ አስመስክረሃል» አለኝ።

ውዳሴ መስሎኝ እጅ ነሣሁት። ለካ እሱም ተቀኝቷል፤ «መስክረህባታል» ማለቱ ነበር።

አያ ቢምረው ከበሩ ወዲያ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። አንድም ቃል ሳይናገረኝ፣ ሳይሰናበተኝ በቅሎዎቹን ወደ ገበያው ነዳ።

ማክሰኞ፣ ከቡሬ ማዶ

ጉባኤው ከቡሬ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ግቢው የወይራ ጥላ፣ የተማሪ ጎጆ፣ የቅል ውኃ፤ ሁሉም እንደኛው ነው። መምህሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ናቸው። ለፈተናው ረቡዕ ተቀጠረልኝ።

ማክሰኞ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ አያ ቢምረው ደረሰ። ሸቀጡን ሸጦ በቅሎዎቹን ባዶ እየነዳ መጣ። ለኔ ብሎ ነው መንገድ ያጠፈው። አልተቀመጠም።

«ሰኞ ጠዋት ካሚዮን ማንኩሳ ገባ» አለ። «አንድም ቤት አልፈተሹ። ቀጥ ብለው ወደ ጓሮ፣ ቀጥ ብለው ወደ ጎተራው። ሰውየውን አስረው ወሰዱት። ጎተራውንም ቤቱንም አቃጠሉት።»

«እሷስ?»

«ከነልጇ ደጅ ቀርታለች።» ከዚያ ዓይኔን እያየ፣ «እኔ ሰው አልወቅስም። አንተ ግን ሥራህን ታውቀዋለህ» ብሎኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ተፈተንሁ። ከመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና እስከ መጨረሻው ዕጣነ ሞገር አንዱንም አላጎደልሁ። የስንኙ ቤት ሞላ፣ ዜማው አልተሰበረም። መምህሩ ሲሰሙ ቆይተው ተማሪዎቹን አስወጡ።

«ቅኔህ ሁሉ ሰም ብቻ ሆነ» አሉኝ። «ወርቁን ምን ወሰደው?»

ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ጎተራውን፣ ሳሉን፣ ፈገግታዬን። አልቅሻለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ።

«ቅኔህን እኔ እመሰክርልሃለሁ» አሉ መምህሩ። «ለሰውነትህ ግን እኔ ምን አውቄ? የምትመሰክርልህ እህሏን የበላህባት ሴት ናት። ሂድና ያደረግኸውን ንገራት። ሰምታ ‹ይሁን› ካለችህ ያንን ይዘህ ተመለስ፤ ወንበርህን ትወስዳለህ።»

ቅዳሜ፣ ማንኩሳ ዳግመኛ

ከሩቅ ጥቁር መሬት አየሁ። ጎተራው የነበረበት ቦታ ክብ አመድ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ጎረቤት ሰው አጥር ሥር ቅጠል ጥላ ተቀምጣለች። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ቃል በቃል አጥንቼ ነበር፦ «እትዬ፣ የኔ ምላስ ናት።» አራት ቃል።

ስታየኝ ብድግ አለች። «ልጄ! አስመሰከርህ?»

«እትዬ...»

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። ቤት የለኝም እንጂ ቆሎ አለኝ።» ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አፈሰችልኝ። ቆሎው እጄ ላይ ነው። «ባሌ ቡሬ ወህኒ አለ የሚሉ አሉ፣ የለም የሚሉም አሉ» አለች። «የሰው ምላስ ነው የበላኝ። የባሌ እህት ብቻ ነበረች የምታውቅ። እሷ ካልሆነች ማን ሊሆን? በሰላምታ እንኳ አላያትም።»

ይህን ሰማሁ፣ አንባቢ ሆይ፤ ሰምቼም ዝም አልሁ። ያለ ጊዜዋ የተናገረች ምላሴ በጊዜዋ ዝም አለች። ያን ዕለት ብናገር አንዲት ንጹሕ ሴት ከሐሜት ታመልጥ ነበር። ፈራሁ። የፈራሁት ዱላ አልነበረም፤ ያ ፊቷ ሲለወጥ ማየት ነው።

«መምህሩ ምስክር አምጣ ብለውኝ ነው» አልሁ በመጨረሻ።

«ይኸው እኔ!» አለች። «በላቸው፤ ‹ከቤቴ በልቷል፣ ደግ ልጅ ነው፣ አፉም እጁም ንጹሕ ነው› ብላለች በላቸው።» ከዚያም በዚያ ሐዘኗ ላይ ሳቅ ብላ፣ «እስቲ ለኔም አንድ ቅኔ በልልኝ፤ እንዲገባኝ ባማርኛ» አለችኝ።

«ጠፋብኝ፣ እትዬ።»

«ያስመሰከረ ሰው ቅኔ ይጠፋበታል?»

ቆሎውን አኩፋዳዬ ውስጥ አድርጌ ተነሣሁ። ምስክርነቷን ይዤ ወደ መምህሩ አልተመለስሁም። እንዲያ ያለ ምስክርነት ይዞ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ጨርሶ ኅሊና የሌለው ሰው ነው፤ እኔ የፈሪ ያህል ኅሊና ቀርቶልኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ፈረስ ቤት

ዳገቱን በሁለት ቀን ወጣሁ። ተማሪዎቹ ከሩቅ አይተውኝ «መምህራችን መጣ!» እያሉ ተንጫጩ። የኔታ ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከኮቴዬ ለዩኝ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

«ወንበሩስ፣ ልጄ?»

«የኔታ፣ ምስክር አጣሁ።»

ዘመኑ ክፉ ነው፤ ጉባኤው ተበትኖ ይሆናል፣ መምህሩ ተሰደው ይሆናል። የሰማው ተማሪ ሁሉ እንዲያ ብሎ አዘነልኝ። የኔታ ግን አገጫቸውን በመቋሚያቸው ላይ አሳርፈው፣ የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደኔ አቀኑ።

«ሰሙን ሰማሁ» አሉ።

ወርቁን ሳይጠይቁኝ በዓመቱ ዐረፉ። ወንበሩ ታጠፈ፤ ተማሪው ተበተነ። የእትዬ ማንጠግቦሽ ባል አልተመለሰም፤ እሷም ከነጥርጣሬዋ አረፈች አሉኝ። ዛሬ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ፊደል ስላስቆጠርሁ መንደርተኛው «መምህር» እያለ ይጠራኛል፤ በተጠራሁ ቁጥር ያ የቆሎ እፍኝ ትዝ ይለኛል። ያች ያዘለቻት ሕፃን ማንኩሳ ውስጥ በሕይወት ካለች፣ ይህን የሚያነብላት ሰው ካገኘች፣ ቃሌ ይህ ነው፦ አባትሽን ያሳሰረች አክስትሽ አይደለችም፤ የኔ ምላስ ናት። ወርቁ ይኸው ነው።