የባየሽ ፔርሙስ

ባየሽ ሻይ ያለ ስኳር ጠጥታ አታውቅም ነበር። ስኳር በሽታ እንዳለባት ሲነገራት ኬኩን ተወች፣ ለስላሳውን ተወች፤ በሻይዋ ግን ልትጨክን አልቻለችም።

«ያለ ስኳር ሻይ ማለት እኮ የቅርንፉድ እጣቢ ነው» ትላለች።

የምትኖረው ባህር ማዶ፣ ማውንትሌክ ቴራስ የሚባል ከተማ ነው። ጠዋት ጠዋት በባቡር ኖርዝጌት ትሄድና «እማማ ሊያንግ» የምትላቸውን ቻይናዊት አሮጊት ስትንከባከብ ትውላለች። የእማማ ሊያንግ የወጥ ቤት መደርደሪያ ቢያዩት የማይጠገብ ነው። አንዱ ጠርሙስ ውስጥ የደረቀ ቢጫ አበባ አለ፤ በፈላ ውኃ ይዘፈዘፍና ዓይን ሲደክም ይጠጣል። ሌላው ውስጥ ተምር የሚመስል የተሸበሸበ ቀይ ፍሬ አለ፤ ከዶሮ ሾርባ ጋር ይቀቀላል፣ እንቅልፍ ላጣ ሰውም ይመከራል። ዝንጅብሉን እኛም እናውቀዋለን። አሮጊቷ የሚበላውንና የሚታከሙበትን ለይተው አያስቀምጡም፤ ሁሉም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው።

አንድ ሰሞን እማማ ሊያንግ ሳል ያዛቸውና ከአንድ የባህል መድኃኒት አዋቂ የተቀመመ ጥቅል መጣላቸው። ከውስጡ አንድ ቢጫ የእንጨት ስንጣሪ መርጠው ባየሽን አጎረሷት።

«ጣፋጭ!» አለች ባየሽ። «እማማ፣ ስኳር አለው?»

«ስኳር የለም። ሥር ነው» አሏት በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

ሥሩ ሊከሪሽ ይባላል። በጣም አስደናቂ ተክል ነው። ጣፋጭነቱ ስኳርን በብዙ እጥፍ ያስንቃል፤ የደም ስኳርን ግን ስኳር እንደሚያደርገው ሽቅብ አያወጣም። የደረቀ ጉሮሮ ያለሰልሳል። በቻይና ሕክምና የማይገባበት ቅመማ ጥቂት ነው፤ መራራዎቹን ሥሮች እንዲያስማማ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ይጨመራል። ይህችን «በትንሽ መጠን» የምትለዋን ልብ በሉ። ሲበዛና ሲደጋገም ያው የሚያጣፍጠው ነገር ኩላሊትን ያታልላል፤ ኩላሊት ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ግን በሽንት ይለቃል። ጡንቻ ያለ ፖታሲየም አይሠራም። ልብም ጡንቻ ነው። ባየሽ ለደም ግፊት የምትውጠው ኪኒን ደግሞ በራሱ ፖታሲየም የሚያጎድል ዓይነት ነበር።

ይህን የነገራት ሰው የለም፤ እሷም ስለ ሻይ ማንን ትጠይቃለች? ከእስያ ግሮሰሪ አንድ ትልቅ ከረጢት ሥር ገዛች። ከቀረፋ፣ ከሄልና ከቅርንፉድ ጋር በእፍኝ እየጨመረች ለሰዓታት እንዲፈላ ምድጃ ላይ ተወችው። ፔርሙሷን ሞልታ ሥራ ይዛ ሄደች። ጣቷን ወግታ ስትለካ ስኳሯ ወርዷል። ደስታዋን ብቻዋን አልያዘችውም፤ የሥሩን ግማሽ ለጓደኛዋ ለከብረት ሰጠች። ከብረት ወላጆቿ ከአስመራ፣ እሷ ካዛንቺስ ያደገች፣ ቱክዊላ ሞል ውስጥ ሽቶ የምትሸጥ ሴት ናት። እሷም ባየሽ የምትወስደውን ያንኑ የግፊት ኪኒን ትወስዳለች።

መጀመሪያ የባየሽ ቀለበት ከጣቷ አልወጣ አለ። በሳሙና ታገለችውና ተወችው። ቀጥሎ ጫማዋ ጠበበ።

«እግርሽ አብጧል እኮ፣ ባዩ» አለቻት ከብረት።

«ቆሜ ስለምውል ነው።»

«በማርጀቱ ያፈረ ሰው ሁሉ እንደሱ ይላል።»

«አንቺን ሽቶ መርጨት ምን ያሳብጥሻል! በይ ሻይ ቅጂልኝ፣ ይለቀኛል።»

ቀዳችላት። ሲደክማት ትጠጣለች፤ ስትጠጣ ይብስ ይደክማታል። ልቧ አንዳንዴ የሚቀጥለውን ምት የረሳ ይመስል ዝም ይልና ደንገጥ ብሎ ይቀጥላል። ባየሽ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች፤ ሲመለስ ሌላ ስኒ ትቀዳለች።

አንድ ጠዋት ኖርዝጌት ጣቢያ ደረጃ ላይ ጉልበቷ አልታዘዝ አለ። ተቀመጠች፤ መነሳት አቃታት። መንገደኛ አምቡላንስ ጠራላት።

ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚዋ በስልክ ጠየቀቻት፤ «ከኪኒኖቹ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? ቅጠል፣ ሥር፣ የባህል መድኃኒት?»

«ኧረ ምንም የለም፣ እህቴ።»

አልዋሸችም። ሻይ ሻይ ነው።

ፖታሲየም በደም ሥሯ ሰጧት። ከፍ አለ፤ በማግስቱ ወረደ። ጨመሩላት፤ እንደገና ወረደ። ሐኪሙ የልቧ ምት የሚታይበት ማሽን ፊት ቆሞ ግንባሩን ያሻል፤ የሚያስገቡት ነገር የት እየሄደ እንደሆነ አልገባውም። ከብረት ግን ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ ፔርሙስ ይዛ ትመጣለች።

«የሆስፒታሉ ሻይ አይሻልም?» አለቻት ባየሽ ለወጉ ያህል።

«እሱ ደግሞ ሻይ ነው? የሻይ ፎቶ ነው! እንቺ፣ ይሄን በትኩሱ።»

እሁድ እማማ ሊያንግ ልጃቸውን አስከትለው ሊጠይቋት መጡ። እንግዳ ነዋ፣ ከብረት ፈጥና ቀዳችላቸው። አሮጊቷ አመስግነው ፉት አሉ። ሁለተኛ ፉት አላሉም። ስኒውን አስቀምጠው ለልጃቸው በቻይንኛ አንድ ነገር አሉት፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄን የሚጠጣው ማን ነው?» አለ ልጁ።

«ባየሽ ናታ» አለች ከብረት በኩራት። «ውኃ እንኳ ትታለች።»

ልጁ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። እማማ ሊያንግ ፔርሙሱን አንስተው መታጠቢያው ውስጥ ደፉት። የቀረፋው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሐኪሙ ገብቶ ልጁ ሲያስረዳው የመታጠቢያውን ዝቃጭ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቢጫ ስንጣሪዎች ነበሩ።

«ኦኬ፣ ሶ ካቆመችው ትድናለች ማለት ነው?» አለችው ከብረት።

ገና ነው፣ አላቸው። ሥሩ ያደረገው ነገር ሻይው በቆመ በማግስቱ አይቆምም፤ ኩላሊቷ ወደ ልኩ እስኪመለስ ብዙ ቀን ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ከማሽኑ አትለይም፤ ልቧ እስከዚያ መታገስ አለበት።

ባየሽ ሐኪሙን አላየችም። ስኒዎቹን የምትሰበስበውን የከብረትን እጅ ነበር የምታየው።

«የሰጠሁሽ ሥር አለ?»

«አልቆ ሌላ ገዝቻለሁ። ምነው?»

«ቀለበትሽን አውልቂ እስቲ።»

«በዚህ ሰዓት ቀለበት ምን ያደርግልሻል?»

«አውልቂው አልኩሽ፣ ከብረት!»

ከብረት እየሳቀች ጎተተችው። ስኒዎቹን አስቀመጠችና በደንብ ይዛ ደግማ ጎተተች። መሳቋን ተወች። ሐኪሙ ከማሽኑ ዞሮ ጣቷን አየ፤ ከዚያ ወንበር ሳበላት።