ለበሽተኛ የተመረጠ በግ

ሐርጌሳ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት "ደም ጠጪ" የሚል ስም ወጣልኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ አንሶላ አጣቢዋ፣ "የበግ ደም ከየት ይገኛል?" እያልኩ ስጠይቅ ሰነበትኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዋሄን ገበያ ደረሰ፤ አንድ ሐበሻ መጥቷል፣ ቁርሱ ደም ነው ተባለ። ደም መብላት ሐራም በሆነበት አገር ይህ ቀላል ስም አይደለም። መንገድ ዳር የተቀመጡት ገንዘብ መንዛሪዎች እንኳ ሳልፍ ሥራቸውን ጥለው ጥርሴን ያዩ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁ።

ደሙ ለባክቴሪያ ነበር። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ቀጥሮ ያመጣኝ፣ ከጦርነቱ በኋላ ገና በሚጠገን ሆስፒታል ውስጥ የካልቸር ክፍል እንዳቋቁም ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከቁስል የተወሰደ መግል ፕሌት በምንለው ባለ ክዳን ክብ ሳህን ላይ ይቀባል። ጀርሙ ሙቀት ውስጥ አድሮ ይበቅላል። ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው፣ የትኛውን ደግሞ ለምዶ እንደሚንቀው ይታያል። ለፕሌቱ የሚሆነው ዱቄት በአውሮፕላን መጣልኝ። ከዱቄቱ ጋር የሚደባለቀው የበግ ደም ግን በካርቶን አይመጣም፤ ደም ካላገኘ ደግሞ አልበቅልም የሚል ቀበጥ ጀርም አለ።

በዚያን ጊዜ የሆስፒታሉ ግማሽ ጣሪያ ሰማይ ነበር። የከተማውም እንደዚያው። ሰው ሁሉ ወይ ብሎኬት ይመታል፣ ወይ ቆርቆሮ ተሸክሞ ይሮጣል። ጄኔሬተሩ ሲጠፋብኝ ፕሌቶቼን ሆዴ ላይ አስሬ እንደ ዶሮ ታቅፌ እውላለሁ። ያደረግሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳወራው ግን ዓመት ሙሉ ይሆናል።

በጉን ያገኘልኝ ሾፌሩ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ከበርበራ ወደብ እስከ ጠረፍ ጭነት የሚያመላልስ። 26 ጁን ሰፈር አንድ ቤት ተጋርተን እንኖር ነበር። በእኔ ቀልድ አይስቅም፤ የራሱን ሲያወራ ግን ሳይጨርሰው በሳቅ ይፈርሳል።

"አቦ፣ ሰው በድንጋይ ሳይጨርስህ በፊት ላገላግልህ" ብሎ አያሃ ወሰደኝ። ከተማው ዳር ያለ፣ ከስደት የተመለሱ ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ነው። እዚያ ሦስት በጎች ያሏቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጦርነቱን ጅጅጋ ማዶ ባለ የስደተኞች ካምፕ ነው ያሳለፉት፤ አማርኛቸውንም የተማሩት በራሽን ሰልፍ ላይ ስለሆነ ግማሹ ትእዛዝ ነው። ሰላም ስላቸው "ተሰለፍ!" አሉኝና ሳቁ። እኔም እንደ አገሩ ወግ አዴር እላቸው ጀመር፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው።

ሾፌሩ አስረዳቸው። በጉ አይታረድም። በየሳምንቱ ከአንገቱ በመርፌ ጥቂት ደም ይቀዳል፣ በቃ።

"ለምን?" አሉ።

"ለበሽተኛ ነው፣ አዴር" አልኩ። "ግን ደሙ ንጹሕ መሆን አለበት። ካልሆነ ሰው ይሞታል።"

"ወላሂ፣ እውነቱን ነው" አለ ሾፌሩ።

ሽማግሌው ትልቁን፣ ራሱ ጥቁር ገላው ነጭ የሆነውን በግ ቀንድ ስለሌለው በጆሮው ጎትተው አመጡ። "ይሄ ለበሽተኛ ነው። ለሌላ አይሆንም" አሉ። ምን ልክፈል ስላቸው ተቆጡ፤ አጅሩ፣ ምንዳው፣ ከአላህ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን እሄዳለሁ፤ እኔ እቀዳለሁ፣ እሳቸው ደሙ እንዳይረጋ ጠርሙሱን እየናጡ ዱዓ ያደርጋሉ።

ምን ልበላችሁ፣ ፕሌቶቼ ተአምር ሆኑ! በዚያ ሻይ በማንኪያ ሳይሆን በአካፋ በሚማሰልበት አቧራ ውስጥ አንዲት እንኳ አትበላሽም። መላእክት ምሳ ቢበሉባቸው እጃቸውን አይታጠቡም ነበር። ሌላም የምኮራበት ነገር ነበረኝ። የሚበቅልልኝ ጀርም ሁሉ፣ ሁሉም፣ ፔኒሲሊንን የለመደ ነው። ዋሄን ውስጥ ክኒን ከብስኩት ጎን ተዘርግቶ በፍሬ ሲሸጥ አይቻለሁና ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሐኪሞቹን ሰብስቤ "ፔኒሲሊን በዚህ ከተማ ሞቷል፤ ቀብሩ ላይ ያልነበረ እኔን ይጠይቅ" አልኳቸው። ሳቁ። አመኑኝም።

ከዚያ ሾፌሩ ታመመ። በርበራ መንገድ ላይ ጎማ ሲቀይር ብረቱ አምልጦ ቀኝ ቅልጥሙን ላጠው። በጨርቅ አስሮ ሦስት ቀን ነዳበት። ቤት ሲደርስ እግሩ እንደ ምድጃ ይጋረፋል፣ ሰውየው ይቃዣል። ሆስፒታል ተኛ። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ፣ ከውጭ አገር ተመልሶ የመጣ የእኔ እኩያ፣ ወዲያው ፔኒሲሊን አስጀመረው። እኔ ከመርፌው በፊት መግሉን ወሰድኩ።

በማይክሮስኮፕ ሳየው እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ ክብ ክብ ጀርሞች ነበሩ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በማግስቱ ፕሌቱን ስከፍት ግን መቁጠሪያ የሚባል ነገር የለም። ያለው አንድ አረንጓዴ፣ ወይን ወይን የሚሸት ሌላ ጀርም ብቻ ነው። ያንን ደግሞ ከጀንታማይሲን በቀር የሚነካው መድኃኒት አልተገኘም። ታዲያ ያየሁት መቁጠሪያስ? ዓይኔ ነው አልኩ፤ ዕድሜ ነው አልኩ። ከዓይኔና ከፕሌቴ ፕሌቴን አመንኩ።

ሐኪሙ ሪፖርቱን አነበበና "ፔኒሲሊኑን ላቁመው?" አለኝ።

"የመድኃኒት አስከሬን ነው የምትወጋው አልኩህ እኮ" አልኩት።

አቆመ። ጀንታማይሲን ጀመረ። ያን ዕለት ጠዋት ሾፌሩ ትኩሳቱ በረድ ብሎለት "አቦ፣ ራበኝ" ብሎኝ ነበር። ይህን ቃል ያስታወስኩት በኋላ ነው፤ አሁን ግን ከአእምሮዬ አይወጣም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው ቆዳ ጠቆረ። ሐኪሙ ቅዳሜ ጠዋት እንቆርጣለን አለ። ለሾፌሩ የነገርኩት እኔ ነኝ።

"ቀኙን?" አለ ሾፌሩ።

"ቀኙን።"

"እሱማ የፍሬኔ እግር ነው።" እጄን ያዘኝ። "ያ ሳህንህ ተሳስቶ ይሆናል። እስኪ እንደገና ጠይቀው። ባክህ።"

ተመልሼ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩትን የመጀመሪያውን ስላይድ አወጣሁ። መቁጠሪያው እዚያው አለ። ሺህ ጊዜ አየሁት፤ አለ። ታዲያ ፕሌቱ ላይ ለምን አልበቀለም? እንዲህ ያለውን ጀርም ፔኒሲሊን በጠረኑ ብቻ ይገድለዋል። እኔ ግን ፕሌቱ ውስጥ ያስገባሁት ዱቄት፣ ውኃና ደም ነው።

ደም።

ድርጅቱ ለመፈተሻ የላከልኝ፣ ፔኒሲሊን በቀላሉ የሚገድለው ጀርም ነበረኝ። ደም በሌለው ፕሌት ላይ ዘራሁትና በበጉ ደም የተነከረች ቁራጭ ወረቀት መሐሉ ላይ አኖርኩ። በየሳምንቱ ፕሌቶቼን በዚህ ጀርም መፈተሽ ነበረብኝ። እነዚያን የመሰሉ ንጹሕ ፕሌቶች ምን ይፈተሻሉ ብዬ ትቼው ነው።

ውጤቱ ማደር ነበረበት። እዚህ ላይ ነው የማልቀልደው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ጋ ሄጄ "እርግጠኛ አይደለሁም፣ ፔኒሲሊኑን መልስለት" ማለት እችል ነበር። አራት ቃል ነው። ግን የቀበርኩትን መድኃኒት በራሴ አፍ ለማስነሣት አፈርኩ። ማስረጃ ይዤ ልሂድ አልኩ። የጓደኛዬ እግር እየጠቆረ፣ እኔ ስሜ እንዳይጠቁር ፕሌት አሳደርኩ።

ዓርብ ጠዋት በወረቀቷ ዙሪያ ጀርሙ ድርሽ ያላለበት፣ አውራ ጣት የሚያህል ጥርት ያለ ቀለበት ነበር። የበጉ ደም ራሱ መድኃኒት ነበር። ፕሌቶቼ የማይበላሹት ለዚህ ነው። የሚበቅለው ሁሉ መድኃኒት የለመደ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ያልለመደውን በጉ ቀድሞ ገድሎልኝ ነበር። አረንጓዴውም ቁስሉ ላይ በጥቂቱ የነበረ፣ ፕሌቱ ላይ ብቻውን የቀረ ነው።

ፕሌቱን እንደያዝኩ ወደ ዋርድ ሮጥኩ። ሐኪሙ አየው፣ አየኝ፣ ወዲያው ፔኒሲሊን አዘዘ። ከዚያ አያሃ ሄድኩ። አዴር ከጁምዓ ተመልሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"አዴር፣ በጉን መድኃኒት ሰጥተውት ያውቃሉ?"

ፊታቸው በራ። እስከዚያ ቀን ስላልጠየቅኋቸው ቅር ብሏቸው ነበር መሰለኝ። ገብተው በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ አመጡ። የከብት መርፌ ነው፤ ፔኒሲሊን ይላል ላዩ ላይ።

"አንተ ነገ ትመጣለህ፣ እኔ ዛሬ እወጋዋለሁ። ሁልጊዜ!" አሉ። "ለበሽተኛ ነው አልክ። ንጹሕ ይሁን አልክ። ትንሿን ሸጬ ይሄን ገዛሁ።"

ዞር ብዬ በረቱን አየሁ። በጎቹ ሁለት ናቸው። በዓይን የማይታይ ጀርም እቆጥራለሁ የምለው ሰውዬ፣ ከሦስት በግ አንዱ መጉደሉን ለወራት አላየሁም።

ለሁሉ ነገር ቀልድ ነበረኝ፤ ለዚያ አልነበረኝም። "አላህ ይስጥልኝ፣ አዴር። ከእንግዲህ ግን አይውጉት" አልኳቸው።

"ምነው? አመመው?"

"የለም። በቃው።"

ቅዳሜ ጠዋት የእግሩ ቅላት ሐኪሙ ዓርብ በእስክሪብቶ ካሰመረው መሥመር፣ ከጉልበቱ ሥር፣ አላለፈም። ከዚያ በታች ያለው ሞቷል። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሐኪሙ እጁን ሲታጠብ አጠገቡ ቆሜ "ሐሙስ ቢጀመርለት ኖሮስ?" አልኩት።

"አላውቅም" አለ። ሳሙናውን ደግሞ አነሣ።

ሾፌሩ በደንብ ሲነቃ ሁሉንም ነገርኩት። መቁጠሪያውን፣ ፕሌቱን፣ መርፌውን፣ ያዘገየሁባትንም ሌሊት። ጣሪያውን እያየ አዳመጠኝ።

"ሽማግሌው ያውቃሉ?"

"አልነገርኳቸውም።"

"እንዳትነግራቸው።" ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። "አንተ ግን ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ።"

"በቃ" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በሳምንቱ አዴር ሊጠይቁት መጡ። ከአያሃ በእግራቸው ነው፤ ወተት ይዘዋል። ፋሻው ላይ እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ "የበጉ ደም ረዳህ?" አሉት።

እኔ ወለሉን አየሁ።

"ረድቶኛል፣ አዴር" አለ ሾፌሩ። "ጉልበቴን ያተረፈው እሱ ነው።"

ሽማግሌው አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ዶክተር፣ ዛሬ አትቀልድም?"

ወተቱን ብርጭቆ ላይ ቀድቼ ለሾፌሩ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። አዴር ብርጭቆውን ከእጄ ወስደው ሲሰጡት ግን ጠጣ።