የታደሰ ክንድ

የጽድ እንጨት ሲላግ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ድንገት ሲያገኘኝ፣ ላሊበላ ከቤታችን ጓሮ የነበረው የአባቴ መሥሪያ ዳስ ፊቴ ድቅን ይላል። አባቴ በርና መስኮት ይሠራ ነበር፤ መለኪያው የገዛ ክንዱ ነበር፣ ማንም ተጠራጥሮት አያውቅም።

አንድ ክረምት ግን ጉልበቱን አሞት ስለ ተኛ፣ የብልባላ ካህናት ላዘዙት የዕቃ ቤት በር ልኩን እንዲያመጣ ታላቅ ወንድሜን ታደሰን ላከው። ታደሰም ሄዶ በራሱ ክንድ ለክቶ «አራት ክንድ» ብሎ ተመለሰ፣ አባቴም ሲሻለው በራሱ ክንድ አራት ቆጥሮ ቆረጠ። ልጁ አድጎ አባቱን በቁመት ማለፉን ሁለቱም ልብ አላሉም። በሩ በሰው ሸክም ብልባላ ደርሶ ሲገጠም አጠረ። ካህናቱ ክፉ ቃል አልተናገሩም፣ ሌላ ሥራ ግን አላዘዙም፤ አባቴ ያን ሰሞን እህል ከአፉ አይገባም ነበር።

መንገዱ ሲደርቅ ከአባቴ ጋር በጭነት መኪና ተሳፍረን ወልድያ ወረድን። አባቴ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ፊት ቁጢጥ ብሎ ታጣፊ ሜትር መረጠና ወደ ውሃ ልኮቹ ዞረ፤ እያንዳንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አረፋው የቆመበትን ያይና፣ ጫፍና ጫፉን አዙሮ ይደግም ነበር።

«ርካሽ እኮ ነው አባቴ፣ ምን ያህል ይመረምሩታል?» አለ ነጋዴው።

«ርካሹንማ ፈልጌ ነው የመጣሁ። የሚዋሽ ከሆነ ግን በነፃም አልወስደው።»

ቤት እንደ ገባን ሜትሩን በታደሰ ክንድ ላይ ዘርግቶ ከራሱ ክንድ ምን ያህል እንደሚበልጥ ሲያይ ሳቀ፣ የልጁንም ክንድ ልክ በዳሱ ምሰሶ ላይ በመሮ ምልክት አደረገ። የብልባላውን በር እንደገና ሠርቶ ዋጋ ሳይቀበል ገጠመ። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ያለ ሜትር አይቆርጡም ነበር።

በተከታዩ በጋ ታደሰ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ፤ አልተመለሰም። መርዶው ሲመጣ የምንቀብረው አልነበረንም። እናቴ ምሰሶው ላይ ያለውን ምልክት በመዳፏ እየዳሰሰች ታለቅስ ነበር። ዓመት ቆይቶ አባቴ የቤታችንን በር ሲያድስ፣ ሜትሩን ኪሱ ውስጥ ትቶ በዚያ ምልክት ለካ።

ዘንድሮ በሩን በብረት ላስቀይር የጠራሁት ወጣት፣ ቀይ ብርሃን በሚረጭ መለኪያው ለክቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይሄ በር ከምንም ልክ ጋር አይገጥምም እኮ፤ በምን ለክተውት ነው?»

ያኔ ወልድያ ድረስ የወረድነው ከዚያ ክንድ ለመገላገል ነበር፤ ዛሬ መለኪያው በየሱቁ ሞልቶ፣ ከወንድሜ የቀረን ያ ክንድ ብቻ ነው።

«በወንድሜ» አልኩት። በሩን አላስቀየርኩም።