የጫኖ ሽሪምፖችና የሰብለ ማሽን

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነበር። አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ጫኖ ላይ፣ አቶ መስፍን የሚባሉ ባለሀብት ከእስያ አስመጥተው በኩሬ የሚያረቧቸው፣ ሽሪምፕ የሚባሉ ባለብዙ እግር ትንንሽ የውሃ ፍጥረታት እየሞቱባቸው ነው። የእኛ ሥራ ገዳዩ ቫይረስ መሆን አለመሆኑን መለየት ነው። ነጻ ናቸው ካልን የኩሬውን ውሃ ወደ ዓባያ ሐይቅ በሚወርደው ቦይ ይለቁታል። ከተሳሳትን ጦሱ ለሐይቁ ይተርፋል።

"የእኛ" አልኩ እንጂ ሥራው የሰብለ ነበር። ሰብለ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ከእኔ ብዙ ዘግይታ የተቀጠረች ልጅ ናት። ያኔ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የቫይረስን ዘረመል እያባዛ የሚያሳይ ማሽን ለአገራችን ብርቅ ነበር። እሱን እንድትማር ታይላንድ የተላከችው እሷ ናት፤ ሲጠባበቅ የኖረው እኔ። ዕድሜዬን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ፈጅቻለሁ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ከሶዶ በኋላ

ሶዶ አድረን ወደ ደቡብ ወረድን። ኮረኮንቹ አንጀታችንን ሲያናውጠው ሰብለ የበረዶ ሣጥኗን አቅፋ ትተኛለች። ደግሞ እንቅልፉ እንዴት ያምርባታል! ምዕራብ ዓባያ ላይ በሁለት ብር እቅፍ ሙሉ ሙዝ ገዛን። ሾፌሩ "ዶክተር፣ ይብሉ እንጂ" አላት። ዶክተር አይደለችም፤ አላረመችውም።

ጫኖ

ኩሬዎቹ ከማንጎ ዛፎቹ ሥር ናቸው። ሠራተኛዋ አማረች የጨንቻ ሴት ናት። ሽሪምፕ ክርስቲያን የማይበላው ነገር ስለሆነ እጇን በላስቲክ ሳትሸፍን አትነካውም። የሞቱትን ሰብስባ እንድትጠብቀን አስቀድሞ ተነግሯት ነበርና፣ በነጭ ሳህን አድርጋ፣ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍና አቀረበችልን። ሽሪምፖቹ ያብረቀርቃሉ። ሰብለ አልኮል ወዳለበት ጠርሙስ ልትከታቸው ስትል አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታው። እሷ ጉንፋን ይዟታል።

"አማረች፣ ምን አደረግሽባቸው?"

"አጠብኩ ነዋ! ይሸታል፣ ርኩስ ነው። እንግዳ ከአዲስ አበባ መጥቶ እንዲህ ያለ ነገር ይነካል ወይ? በበረኪና ዘፍዝፌ አሳደርኩ።"

በረኪና ዘረመሉን ድራሹን ያጠፋዋል። ማሽኑ የሚያገኘው ነገር ሲያጣ እኛ "ነጻ ናቸው" ብለን እንጽፍ ነበር። ለሰብለ በጆሮዋ ልነግራት እችል ነበር። ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"ታይላንድ ስለ በረኪና አላስተማሩሽም?"

ፊቷ ቀላ። አጠገባችን የቆሙት አቶ መስፍን "ቢታጠብስ ምን ችግር አለው?" አሉ፤ ቦዩን ለመክፈት ቸኩለዋል። ሰብለ ግን ያየችው እኔን ነው።

"ጋሽ ታደሰ፣ ይህን ከየት አወቁት?"

"አነበብኩት።"

"ይዤ የመጣሁትን ጽሑፍ?"

እሷ ቢሮ በሌለችበት ሰዓት እያወጣሁ አንብቤ እመልሰው ነበር።

"ቢጠይቁኝ እኮ እሰጥዎት ነበር" አለች፤ ቀጥላም "እንኳን አነበቡት" ብላ ጫማዋን አወለቀች። ሱሪያችንን ሰብስበን ኩሬው ውስጥ ገባን፤ መፍዘዝ የጀመሩትን በመረብ አወጣን። አማረች ከዳር ሆና "ጥፋት ሠራሁ ወይ?" ትላለች። ሰብለ "ንጽሕና ጥፋት አይደለም፣ እናቴ" አለቻት። ይህንንም ቀናሁባት።

ማታ አርባ ምንጭ አሳ ጥብስ ቀረበልን። እኔ አልቀመስኩትም፤ ምርጥ ነበር ይላሉ።

አዲስ አበባ

ቤቴ ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር ሰብለ ደወለች፤ "ጋሼ፣ ነገ እርስዎ ይሠሩታል" አለችኝ። የታጠቡትንም ያልታጠቡትንም ጎን ለጎን ሞከርናቸው። ስትመራኝ አንዴም አልቸኮለችብኝም። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ የየናሙናው ውጤት በየመስመሩ የሚነበብበትን መብራት ስናበራ የታጠቡት መስመር ባዶ ነበር። ካልታጠቡት መሃል ግን ቫይረሱ ደማቅ ሰረዝ ሆኖ አበራ። ዕለቱን ለአቶ መስፍን ተነገራቸው፤ ቦዩ ተደፈነ፣ ኩሬዎቹም በኖራ ታከሙ።

ጉዞው ምን አስተማረህ ለሚለኝ፣ እስከዚያ ድረስ የቀናሁት በማሽኑ ይመስለኝ ነበር። ማሽኑን ተማርኩት፤ ቅናቱ ግን አለ። እኔ ታይላንድ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ማሽኑን ለማንም አላሳይም ነበር።