እናቴን በሲሚንቶ?

ዛሬ እናቴ «እኔ ቤት አይደለሁም፣ በሲሚንቶ አልለሰንም!» ብላ ከሆስፒታሉ አልጋ ልትወርድ ስትሞክር ሐኪሙ ሳቀ።

አዎ፣ ሳቀ! ደሜ ፈላ።

የዳሌዋ መገጣጠሚያ አልቆ በብረት ሊቀየርላት ነው። ከቤቷ በባጃጅ የመጣችው ጥርሷን ነክሳ ነው። እሱ ግን እሷን ትቶ እኔን እያየ «ብረቱን በሲሚንቶ እናስይዝላታለን» አለኝ። «እናስይዝልዎታለን» ብሎ ለራሷ ቢነግራት ምን ይጎድልበታል?

(የሰፈራችን ግንበኛ እንኳ ሲሚንቶ ከማቡካቱ በፊት ባለቤቱን ያማክራል።)

«ዶክተር፣ ታካሚዋ እሷ ናት፤ ለእሷ ያስረዱ!» አልኩት። ኮሪደሩ ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም።

ሳቁን ዋጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እማማ፣ የቤት ሲሚንቶ አይደለም። ብረቱን ከአጥንትዎ ጋር ወዲያው አጥብቆ የሚያስይዝ ሊጥ መሰል ነገር ነው። አጥንቱ ጠንካራ ለሆነ ሰው ያለ እሱ እንገጥማለን፤ አጥንቱ ራሱ እያደገ ብረቱን ይይዘዋል። የእርስዎ ስለሳሳ ግን በዚህ ቢያዝ ይሻላል።»

«ታዲያ ልጄ፣ ይህን መጀመሪያ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችና ቀዶ ጥገናውን እሺ አለች።

እሷ ይቅር ብላዋለች። እኔ ቤት ገብቼም አልበረደልኝም። ይህችን ማብራሪያ አጥታ ሳትታከም ልትመለስ ነበር!

የእናንተስ ወላጆች ፊታቸው እየተወራ እንደሌሉ ተቆጥረው ያውቃሉ? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን መናደድ ሰልችቶኛል።