አራሷ የሌለችበት ገንፎ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ታቦር፣ እኛ ቤት የአራስ ገንፎ ተበላ። አራሷ እህቴ ግን ያለችው ካናዳ ነው።

እናቴ ሄዳ ልታርሳት የጉና ገብስ አስፈጭታ፣ ቅቤ አንጥራ፣ ሻንጣዋን ዘግታ ቪዛ ስትጠብቅ ከረመች። ድረ ገጹ ዛሬም «ማመልከቻዎ በሂደት ላይ ነው» ይላል። ምጥ መቼ ሂደት ይጠብቃል!

መውለዷን በስልክ ስንሰማ እናቴ እልል አለች። ከዚያ ሻንጣውን ፈታችና ገንፎውን አገነፋች።

ጎረቤቶች «እንኳን ማርያም ማረቻት» እያሉ ገቡ።

እህቴ በቪዲዮ አየችን፤ አጠገቧ ሰው የለም። «እማዬ፣ ጣፈጠ?» አለች።

እናቴ ማንኪያውን ሞልታ ወደ ስልኩ ዘረጋች። መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ራሷ አልቀመሰችም።

እናንተስ ቪዛ ስትጠብቁ ምን አመለጣችሁ? እስኪ አውሩኝ።